እንግዴ ልጅ

ልጄ አልቅሳ ስትወጣ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ፤
አንተን የተቀበለህ ግን የብረት ሳህን ነበረ።
አዋላጇ ነጂባ አገላበጠችህ በጓንቷ፣
"ሙሉ ነው፣ ምንም አልቀረም" አለች፤ ይኸው ብቻ ነው ምስክርነቷ።
ስም የለህ፣ አዛን የለህ፣ እልልታ አልተባለልህ፤
ዘጠኝ ወር ሙሉ አብልተህ፣ ቢጫ ፌስታል ተዘጋጀልህ።

አማቴ አዴ ሳዲቃ በሩ ላይ፣ ጃንጥላዋ ሲያንጠባጥብ፣
"ስጡኝ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚፈልገው፤ ጅብ እንዳይደርስ፣ ውሻ እንዳይቀርብ።
የባልሽም ቆጪ ነው ያለው፣ አቮካዶው ሥር፤ የወንድሞቹም የሦስቱም፤
ዛፉ ቢያፈራም ባያፈራም፣ ከቤት አይርቁም የትም።"

ነስሪያ ግን ቀደመቻት፣ የአክስቴ ልጅ፣ የአጂፕ ፋርማሲስቷ፤
ሁለት መቶ ባዶ ካፕሱል በቦርሳዋ፣ በረዶ በፔርሙሷ።
"ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይሞላል፤ ጠዋት ማታ ትውጫለሽ፤
ደም ይተካል፣ ወተት ያመጣል፣ ያ ልቅሶ አይመለስብሽ።"
ያን ልቅሶ ታውቀዋለች። በፊተኛው ልጄ ጊዜ
አርባ ቀን ግድግዳ ሳይ እሷ ነበረች አጠገቤ።
ነጂባ ጓንቷን አወለቀች፦ "ጥናት የለውም ይሄ ነገር፤
ያንቺው ነው፣ ውሰጂ፤ ብቻ ትኩሳት ቢይዝሽ እንዳታደርጊው ምስጢር።"

ሌሊቱን ሙሉ ደረቅህ በነስሪያ ጠባብ ኦቨን፤
መብራት ሁለቴ ሄደ፤ ቁጭ ብላ ጠበቀች አንተን።
ጎረቤት ሽታው ደርሶት "ቋንጣ ነው?" አለ በአጥር በኩል፤
"የበግ ጉበት ነው" አለች፣ ሳቋን ዋጠች እንደ ካፕሱል።
ከዚያ ዘነዘና። ከዚያ ወንፊት። ከዚያ ቡናማ ዱቄት፤
ለልጄ ጓዳዋ፣ ምድጃዋ፣ የነበርከው ሙሉ ቤት
ገባህ በአንዲት የማር ጠርሙስ፣ በጠባብ አንገት።

አዴ ሳዲቃ ስትሰማ አልተቆጣችም፣ ይብስ ዝም አለች።
"የራስን ሥጋ?" ብቻ ብላ፣ ገንፎውን አስቀምጣ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን መጣ ያ ነገር፣ ጡቴ ድንጋይ በሆነበት፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅር፣ ልጅቷ አፏን ስትከፍት፣
ሰው ሁሉ "ደስ ይበልሽ" ሲል እኔ ማልቀሻ ጥግ ሳጣበት።
ነስሪያ በባጃጅ መጣች፣ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፤
ሁለት ፍሬ ቆጠረች መዳፌ ላይ፤ ቀዝቃዛ ነበር ጣቷ።
ዋጥኩህ። ብረት ብረት ትላለህ። ወይም መሰለኝ።
ልጅቷን ተቀብላ "ተኚ" አለች፤ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ጣለኝ።
በማግስቱም። በማግስቱም። አወቱ ሞልቶ ሲጋልብ እንኳ
በላይኛው ድልድይ ዞራ መጣች፣ ፍሬዬን ልትቆጥር፣ አልጋዬ ሥር ተንበርክካ።

አንድ ጠዋት መጋረጃውን አየሁት። አረንጓዴ ነበር ለካ።

አሁን ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፦ "እውነት ሠራልሽ? ረዳሽ?"
አንተ ነህ? ወይስ ያ የተሰረቀ የሁለት ሰዓት እንቅልፍ?
ወይስ በየጠዋቱ ጭቃ የነካው ጫማ ማየቴ በቤቴ ደፍ?
እንጃ።

ዛሬ አዴ ሳዲቃ መጣች፤ ጠርሙሱን አነሣች ወደ ብርሃን።
"ስንት ቀረ?" "አሥራ አንድ።" "ለዛፉስ፣ ድርሻውን?"
ሳንነጋገር ሄድን ቆጪ፣ ልጅቷ በጀርባዬ ታዝላ፤
አቮካዶው ሥር ቆፈረች፣ እንደ በቆሎ ዘር አንድ በአንድ ጥላ።
"ላስቲኩ ይበሰብሳል?" አለችኝ። "ይሟሟል፣ ውሃ ይበቃዋል።"
"እንግዲያ" አለች አፈሩን መልሳ፣ "ጅማ መች ውሃ አጥቶ ያውቃል።"

አሥሩን ቀበረች። አንዱን ግን፣ አንተን፣ በጡጫዬ ያዝኩህ፤
ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤
አልቀበርኩህ፣ አልዋጥኩህ።